የማየሊን ጥገናን በአንጎል ምስል መከታተል

የማየሊን ጥገናን በአንጎል ምስል መከታተል ማለት የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት በስህተት ያጠቃው የነርቭ ሽፋን (ማየሊን) መልሶ መተካቱን ወይም አለመተካቱን፣ የራስ ቅል ሳይከፈት፣ በኤምአርአይ ወይም በፔት ስካን የመለካት ዘዴ ነው። በብዛት የሚጠናው መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው በሽታ ላይ ነው። እስከ አሁን በሰፊው የሚሰጡት መድኃኒቶች አዲስ ጥቃትን ይከላከላሉ እንጂ የወደመውን ሽፋን አይጠግኑም። ጠጋኝ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ መጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ የመለኪያ ጥያቄ ነው፦ መድኃኒቱ ሠርቶ ቢሆን በምን ይታወቃል?

ማየሊን ምንድን ነው?

ማየሊን በነርቭ ክሮች (አክሶኖች) ላይ ደጋግሞ የተጠቀለለ ስስ ሽፋን ነው። ውሃው ከተወገደ በኋላ ካለው ክብደት 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ቅባት፣ ቀሪው ፕሮቲን ነው። በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ይህን ሽፋን የሚሠሩት ኦሊጎደንድሮሳይት የተባሉ ሴሎች ሲሆኑ አንዱ ሴል እስከ 50 የሚደርሱ የክር ክፍሎችን ሊሸፍን ይችላል። የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ነጭ ሆኖ የሚታየው በዚሁ ቅባት የተነሳ ነው። «ማየሊን» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1854 ያወጣለት ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ነው።

ብዙ ጊዜ ማየሊን በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ካለው ፕላስቲክ ጋር ይነጻጸራል። ንጽጽሩ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ግን ሙሉ አይደለም። የሽቦ ፕላስቲክ ቢላጥ መብራቱ በዚያው ፍጥነት ይበራል። የነርቭ ክር ግን ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቆማል። በሽፋኑ መካከል መካከል ክፍት ቦታዎች ስላሉ መልእክቱ ከአንዱ ክፍት ቦታ ወደ ሌላው «እየዘለለ» ይሄዳል። ወፍራምና በደንብ የተሸፈነ ክር በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ሲያስተላልፍ፣ ቀጭንና ያልተሸፈነ ክር ከ2 ሜትር አይበልጥም። ከዚህም ሌላ ሽፋኑንና ክሩን የሚያስተሳስራቸው የምግብ አቅርቦት አለ። ለዓመታት ተላጥቶ የቆየ ክር በመጨረሻ ራሱ ይሞታል። የሞተ ክር አይመለስም፤ ጥገናው መቼ ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ክብደት የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው።

በሽታው

መልቲፕል ስክለሮሲስን እ.ኤ.አ. በ1868 ለይቶ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ነው። ስሙ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ላይ ከሚገኙት ብዙ ጠባሳዎች የመጣ ነው። የአንድ ዓይን መደብዘዝ፣ የእግር መዛል፣ መደንዘዝ፣ ሚዛን መሳትና ከባድ ድካም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። በብዛት የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን ሴቶችን ከወንዶች ቢያንስ እጥፍ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮች መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ኤፕስቲን-ባር በተባለው ቫይረስ መያዝ በበሽታው የመጠቃትን ዕድል 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሆኖም ይህ ቫይረስ አብዛኛውን የዓለም ሕዝብ የያዘ በመሆኑ ብቻውን ለበሽታው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ኒውሮማየላይተስ ኦፕቲካ የሚባለው በሽታ መልቲፕል ስክለሮሲስን ይመስላል፤ ለረጅም ጊዜም የእሱ ዓይነት ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የራሱ ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ ሲገኝ ግን የተለየ በሽታ መሆኑ ታወቀ። ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ስለሚችል ሁለቱን መለየት የግድ ነው።

ሰውነት ራሱ የሚያደርገው ጥገና

አንጎል የተላጠውን ሽፋን በተወሰነ ደረጃ ራሱ መልሶ ይሠራል። አዲሱ ሽፋን ከቀድሞው የሳሳ ስለሚሆን በማይክሮስኮፕ ሲታይ የደበዘዘ ጥላ ይመስላል፤ በዚህም ምክንያት «የጥላ ቁስለት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት የ51 ሟቾችን አንጎል መርምሮ፣ ከአምስቱ በአንዱ ውስጥ ከጠቅላላው የቁስለት ስፋት ከ60 እስከ 96 በመቶው ተጠግኖ አግኝቷል። በሌሎቹ ግን ጥገናው ጥቂት ነበር። ማን በደንብ ይጠግናል፣ ማን አይጠግንም? ይህን ከሞት በኋላ ማወቅ ለታማሚው አይጠቅመውም። በሕይወት ሳለ የሚለካበት መንገድ የተፈለገው ለዚህ ነው።

በ2019 የስዊድን ተመራማሪዎች በኑክሌር ሙከራዎች ምክንያት በከባቢ አየር የጨመረውን ካርቦን-14 ተጠቅመው የሴሎቹን ዕድሜ ለኩ። በጥላ ቁስለቶች ውስጥ አዲስ የተወለዱ ኦሊጎደንድሮሳይቶች እምብዛም አልተገኙም። ይህም ከጥቃቱ የተረፉት አሮጌ ሴሎች በጥገናው ሊሳተፉ እንደሚችሉ ያመለክታል። ውጤቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ተራ ኤምአርአይ ለምን አይበቃም?

የመጀመሪያው የመልቲፕል ስክለሮሲስ ኤምአርአይ ጥናት በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። በ10 ታማሚዎች ላይ ሲቲ ስካን 19 ቁስለቶችን ሲያሳይ አዲሱ መሣሪያ ተጨማሪ 112 አሳየ። ከዚያ ወዲህ በሽታው ያለ ኤምአርአይ አይታሰብም፤ ከ2001 ጀምሮ በየጊዜው የሚሻሻለው የማክዶናልድ መመዘኛም ምስሉን የምርመራው ዋና ምሰሶ አድርጎታል።

ነገር ግን በተለመደው ምስል ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ትርጉሙ ድፍን ነው። እብጠት፣ የማየሊን መላጥ፣ የክር ሞት፣ ጠባሳ፣ ጥገና፦ ሁሉም ነጭ ሆነው ይታያሉ። የተጠገነ ቁስለትም ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የነጠብጣቦቹ ቁጥር አልጨመረም ማለት አዲስ ጥቃት የለም ማለት ነው እንጂ አሮጌው ተጠግኗል ማለት አይደለም። ታማሚዎች የምርመራ ውጤት ሲነበብላቸው ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይድበሰበሳል።

የችግሩ ሥር ፊዚክስ ነው። ኤምአርአይ የሚሰማው ከሃይድሮጅን ፕሮቶኖች የሚመጣ ምልክት ነው። በማየሊኑ ቅባት ውስጥ ያሉ ፕሮቶኖች ግን ምልክታቸው በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ መሣሪያው ማንበብ ሳይጀምር አልቋል። ማየሊን ራሱ ለተራ ኤምአርአይ አይታይም፤ የሚታየው በዙሪያውና በመካከሉ ያለው ውሃ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ዘዴዎች በሙሉ በተዘዋዋሪ የሚደርሱበት መንገዶች ናቸው።

የማየሊን ውሃ

በማየሊን ጥቅልሎች መካከል ጥቂት ውሃ ታስሮ ይገኛል። ይህ ውሃ ከሌላው የአንጎል ውሃ ይልቅ ምልክቱን ቶሎ ያጣል። የምልክቱ መጥፊያ ጊዜ (ቲ2 ይባላል) ለታሰረው ውሃ ከ10 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ፣ በሴሎች ውስጥና በመካከላቸው ላለው ውሃ 80 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ በአንጎል ዙሪያ ላለው ፈሳሽ ደግሞ ከአንድ ሰከንድ በላይ ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው አሌክስ ማኬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ልዩነት ተጠቅመው የመጀመሪያውን የማየሊን ውሃ ምስል አሳተሙ። የታሰረው ውሃ ከጠቅላላው ውሃ የሚይዘው ድርሻ «የማየሊን ውሃ ክፍልፋይ» ይባላል፤ በጤናማ ነጭ ክፍል ውስጥ 10 በመቶ አካባቢ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ከባድ ነው። መሣሪያው ሁለቱን ውሃዎች ለየብቻ አያነብም፤ ድምራቸውን ብቻ ነው የሚሰጠው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የታሰረው ውሃ ድርሻ 12 በመቶ፣ ቲ2 20 ሚሊ ሰከንድ ይሁን፤ የቀረው 88 በመቶ ደግሞ ቲ2 80 ሚሊ ሰከንድ። መነሻውን 100 ብንል፣ በ10 ሚሊ ሰከንድ ላይ የሚነበበው 84.9፣ በ40 ሚሊ ሰከንድ ላይ 55.0 ይሆናል። አሁን ግማሹ ማየሊን ወድሞ ድርሻው ወደ 6 በመቶ ወረደ እንበል። ንባቦቹ 86.6 እና 57.8 ይሆናሉ። የማየሊኑ ግማሽ ጠፍቶ በሁለቱ ንባቦች ጥምርታ ላይ የመጣው ለውጥ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የመሣሪያው ሁካታ 1 በመቶ ቢሆን እንኳ ልዩነቱን በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። ጥገና ደግሞ ግማሹን በአንዴ አይመልስም።

ስለዚህ ሁለት ነጥብ አይበቃም። በተለምዶ 32 ተከታታይ ንባቦች ይወሰዱና፣ የትኞቹ ቲ2ዎች በምን ያህል መጠን ቢደመሩ ይህን ጥምዝ ይሰጣሉ ተብሎ ወደ ኋላ ይሰላል። ሒሳቡ «አሉታዊ ያልሆነ የትንሹ ካሬ» ዘዴ ይባላል፤ ማንኛውም የውሃ መጠን ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም የሚል ገደብ ስላለው ነው። ገደቡ ባይኖር ኮምፒውተሩ ከሁካታው ጋር ለመስማማት ሲል ተፈጥሮ የማታውቀውን መልስ ይሰጣል። ከገደቡም ጋር መልሱ ስለሚዋልል ጥምዙን የሚያለሰልስ ተጨማሪ ቅጣት ይጨመራል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ የማለስለሻው መጠን የሚመረጠው በተንታኙ ነው፤ ምርጫው ሲቀየር የማየሊኑ ቁጥርም በመጠኑ ይቀየራል። የሁለት ሆስፒታሎችን ቁጥር በቀጥታ ማወዳደር የማይቻለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ስሌቱ በእያንዳንዷ የምስል ኪዩብ (ቮክሰል) ላይ ይደገማል። 1.2 ሊትር የሚሆን አንጎል 2 ሚሊ ሜትር ጎን ባላቸው ኪዩቦች ቢከፋፈል 150,000 ኪዩብ ይወጣል።

ሌላው ወጥመድ እብጠት ነው። ቁስለቱ ውስጥ ውሃ ሲገባ የታሰረው ውሃ መጠኑ ሳይቀንስ ድርሻው ብቻ ይቀንሳል። እብጠቱ ሲወርድ ድርሻው ይመለሳል፤ ጥገና ይመስላል፣ ግን አይደለም።

ሌሎች የኤምአርአይ መንገዶች

የመግነጢስ ሽግግር ምስል እ.ኤ.አ. በ1989 በዎልፍና ባላባን የቀረበ ዘዴ ነው። በማየሊኑ ቅባትና ፕሮቲን ውስጥ ያሉ የማይታዩ ፕሮቶኖች በልዩ ሞገድ ይመታሉ። እነሱም ምቱን ለአጠገባቸው ላለው ውሃ ያስተላልፋሉ፤ የውሃው ምልክት ይቀንሳል። ማየሊን በበዛ ቁጥር ቅናሹ ይበዛል። ፈጣንና በብዙ መሣሪያ ላይ የሚሠራ በመሆኑ በመድኃኒት ሙከራዎች ተመራጭ ሆኗል። እብጠት እሱንም ያሳስተዋል።

የስርጭት ምስል ውሃ በክሮቹ አቅጣጫና ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ሽፋኑ ሲላጥ ወደ ጎን የሚደረገው እንቅስቃሴ እንደሚጨምር በአይጦች ላይ ታይቷል። በሰው አንጎል ውስጥ ግን ክሮች በየቦታው ስለሚሻገሩ ትርጓሜው ይወሳሰባል። ለጥገና መለኪያነት ብቻውን ባይታመን ይሻላል።

የመግነጢስ ተቀባይነት ምስል ደግሞ ብረትንና ማየሊንን ይለያል። በአንዳንድ ቁስለቶች ጠርዝ ላይ ብረት የተሸከሙ ሴሎች ቀለበት ሠርተው ይታያሉ። ቀለበት ያላቸው ቁስለቶች ውስጥ ውስጡን እየነደዱ የሚቀጥሉ ናቸው፤ ጥገናም እምብዛም አይታይባቸውም።

ፔት ስካን

ማየሊን ላይ የሚጣበቅ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ቢሰጥ ማየሊኑን በቀጥታ ማየት ይቻላል። ለአልዛይመር በሽታ የተሠራው ፒትስበርግ ኮምፓውንድ ቢ ከማየሊን ጋርም እንደሚጣበቅ ታወቀ። የፓሪስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 20 ታማሚዎችን በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ አንስተው፣ በእያንዳንዱ ቁስለት ውስጥ የትኛው ኪዩብ እንደተላጠና የትኛው እንደተጠገነ ቆጠሩ። የመጠገን አቅማቸው ከፍ ያለው ሰዎች የአካል ጉዳታቸው ዝቅ ያለ ነበር። የአስከሬን ምርመራው የጠቆመው የሰው ለሰው ልዩነት በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይም ታየ ማለት ነው።

ሆኖም ንጥረ ነገሩ የሚሠራበት ካርቦን-11 በየ20 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ሳይክሎትሮን የተባለው ማምረቻ ከስካነሩ አጠገብ ከሌለ ምርመራው አይታሰብም። ዋጋውና ጨረሩም በተደጋጋሚ እንዳይሠራ ያግዱታል።

የመድኃኒት ሙከራዎች

ምስሉ በተግባር የተፈተነው በሙከራዎቹ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ክሌማስቲን የተባለውን አሮጌ የአለርጂ መድኃኒት በ50 ታማሚዎች ላይ ሞክሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተመ። ዋናው መለኪያ ምስል ሳይሆን ዓይን ያየው መልእክት ወደ አንጎል ጀርባ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። መድኃኒቱ ጊዜውን በአንድ ዓይን በአማካይ 1.7 ሚሊ ሰከንድ አሳጠረው። በወቅቱ የታየው ኤምአርአይ ግን ለውጥ አላሳየም። በ2023 የዚያው ሙከራ ምስሎች በማየሊን ውሃ ዘዴ ሲተነተኑ፣ ሁለቱን የአንጎል ንፍቀ ክበቦች በሚያገናኘው ድልድይ ውስጥ የክፍልፋዩ መጨመር ታየ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ዓይኑና ምስሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቁመዋል።

ክሌማስቲን ርካሽ በመሆኑ ሰዎች በራሳቸው ሊገዙት ይችላሉ። ይህ አደገኛ ነው። በሌላ የአሜሪካ ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱ 9 ታማሚዎች የ3ቱ አካል ጉዳት በፍጥነት ስለተባባሰ አሰጣጡ ተቋርጧል።

በካምብሪጅና በኤዲንብራ ቤክሳሮቲን በ52 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2021 ወጣ። ዋናው መለኪያ በቁስለቶች ውስጥ ያለው የመግነጢስ ሽግግር ነበር፤ በጥቅሉ ሲታይ ሙከራው ግቡን አልመታም። ቁስለቶቹ ለየብቻ ሲታዩ ግን በግራጫው የአንጎል ክፍል ያሉት መሻሻል አሳይተዋል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ከባድ ስለነበር በዚሁ ሊቀጥል አልቻለም። ኦፒሲኑማብ የተባለው ሌላ መድኃኒትም ተስፋ ተጥሎበት ሳይሳካ በ2020 ቆሟል። ከእነዚህ ውድቀቶች መካከል የመድኃኒቱ የትኛው፣ የመለኪያው የትኛው እንደሆነ መለየት አሁንም አስቸጋሪ ነው።

በኢትዮጵያ

በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት 60,820 ሰዎችን ቤት ለቤት ዳሷል። በብዛት የተገኙት የሚጥል በሽታ (ከ100,000 ሰው 520)፣ የፖሊዮ ሽባነት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ በአብዛኛው ከሥጋ ደዌ የመጣ የነርቭ ጉዳትና መስማት መናገር አለመቻል ነበሩ። በዋና ውጤቶቹ ዝርዝር ውስጥ መልቲፕል ስክለሮሲስ አይገኝም። በሽታው ከምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች በእርግጥም ያነሰ ነው፤ ሆኖም ያለ ኤምአርአይ በተሠራ የመስክ ጥናት ተፈልጎ ሊገኝ የሚችልም አልነበረም። አንዱ ምክንያት ሌላውን አይሽረውም።

እግሩ የዛለ ሰው ወደ ሐኪም ሲመጣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የሚታሰቡ ነገሮች ሌሎች ናቸው፦ የአከርካሪ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ በሰሜን ምዕራብና በመካከለኛው ደጋ ደግሞ ጓያ። የጓያ ሽባነት የሚመጣው ከምግቡ መርዝ ነው፤ እግርን ያጠነክራል፣ አንዴ ከመጣ በኋላም እንደ መልቲፕል ስክለሮሲስ እየሄደ እየተመለሰ አይጠቃም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 ከተጀመረ ወዲህ እነዚህን የሚለዩ ሐኪሞች በአገር ውስጥ እየወጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ክላድሪቢን፣ ግላቲራመርና ሪቱክሲማብን ለመልቲፕል ስክለሮሲስ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል።

በቅርቡ የመጡት ተንቀሳቃሽ ኤምአርአዮች ዋጋን ይቀንሳሉ። የመግነጢስ ኃይላቸው 0.064 ቴስላ ሲሆን የተለመዱት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። በ2022 በታተመ ጥናት፣ በ3 ቴስላ ቁስለት ከታየባቸው 33 ታማሚዎች በ31ዱ ላይ ተንቀሳቃሹም አይቷል። ያያት ትንሿ ቁስለት ግን በአማካይ 5.7 ሚሊ ሜትር ስትሆን በ3 ቴስላ 2.1 ሚሊ ሜትር ነበረች። ቁስለት መኖሩን ለማወቅ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ከላይ የተሰላውን የ3 በመቶ ልዩነት ለመያዝ ግን ምልክቱ ደካማ ነው።

ከሥራው ሁለተኛው ግማሽ፣ ማለትም ትንተናው፣ ስካነር አይጠይቅም። እንደ ኪውኤምአርላብ ያሉ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ ስሌቱም በኪዩብ በኪዩብ ስለሚከፋፈል ለብዙ ኮምፒውተሮች ማደል ይቻላል። ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከልህቀት ማዕከላቱ መካከል የሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሮቦቲክስ እንዲሁም የከፍተኛ አቅም ኮምፒውቲንግና የቢግ ዳታ ትንተና ይገኙበታል። እንዲህ ያለ ሥራ በየትኛውም አገር ሲጀመር ቀድሞ የሚያስፈልገው የታማሚ ምስል ሳይሆን የጤናማ ሰው ምስል ነው። የማየሊን ውሃ ክፍልፋይ ከዕድሜ፣ ከአንጎል ክፍልና ከመሣሪያው ዓይነት ጋር ስለሚለያይ፣ የአንድ ታማሚ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው በዚያው ስካነር ላይ፣ በዚያው ቅንብር፣ በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ ጤናማ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሲነጻጸር ነው።